ዘውድ ያልደፋው ገዥ፦ የዳግማዊ ራስ አሊ ሕይወት



ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር የሚገባው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ስትነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጋፋትን ነው፤ በተለይ ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበትን ቦታ ሳናነሣ አናልፍም። ከመድፉ በፊት ግን፣ ከ1831 እስከ 1853 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በጎንደር ማን እንደሚነግሥ፣ ደምቢያን ማን እንደሚገዛ፣ ጎጃም ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በዚያችው ደብረ ታቦር ነበር። ወሳኙም አሊ የሚባል ሰው ነው።

ዶርም ውስጥ የዚህ ሰው ስም ከተነሣ ክርክሩ ወዲያው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሙስሊም ነበር ወይስ ክርስቲያን? አንዱ በስሙ ይከራከራል፣ ሌላው በማተቡ። ይህ ጥያቄ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በራሱ ዘመንም ተጠይቋል፤ ጦር ተሰብስቦበታል፣ ደምም ፈሶበታል። ስለዚህ መልሱን ከመፈለግ በፊት ጥያቄው ለምን ያን ያህል ክብደት እንደነበረው ማየት ይሻላል።

አሊ የተወለደው በ1819 አካባቢ ነው። አባቱ አሉላ የታላቁ ራስ ጉግሣ ልጅ ነው፤ ቤቱም ወረሴህ የሚባለው የየጁ ገዥዎች ቤት ነው። ወረሴህ ማለት የሼኽ ቤተሰብ ማለት ሲሆን፣ በአፈ ታሪክ የቤቱ የዘር ሐረግ ከዐረብ አገር መጡ ወደሚባሉ ሼኽ ዑመር ይወጣል። ከዚህ ቤት መጀመሪያ ጎንደር ላይ ሥልጣን የያዘው ትልቁ አሊ፣ አሊ ጓንጉል፣ በ1784 ራስ ሲሆን ክርስትና ተነሥቶ ነበር። የእኛ አሊ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። እናቱ መነን ደግሞ የወረ ሂመኖው ገዥ የኢማም ሊበን ልጅ ናት። በዚያ ዘመን የወረ ሂመኖ ገዥዎች ማመዶች ይባሉ ነበር፤ የሥልጣን ማዕረጋቸውም ኢማም ነበር። መነን የየጁን መስፍን ስታገባ ክርስቲያን ሆነች። በወሎና በየጁ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊም አጎትና ክርስቲያን የወንድም ልጅ መኖራቸው ያን ጊዜም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የወሎ ልጆች ይህን ለማስረዳት እኔን አይፈልጉም።

እንግዲህ አሊ በአባት በኩል የሼኽ ቤት፣ በእናት በኩል የኢማም ቤት ልጅ ሆኖ፣ ራሱ ግን ተጠምቆ በክርስቲያንነት ያደገ ሰው ነው።

ወደ ሥልጣን የመጣው ገና በ12 ዓመት ዕድሜው ገደማ ነው። አጎቱ ራስ ማርዬ በየካቲት 1831 ደብረ ዐባይ ላይ ከትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ተተኪው ራስ ዶሪም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የየጁ መኳንንት ተሰብስበው ልጁን አሊን ራስ አደረጉት። እስኪያድግ ድረስ ነገሩን የሚይዙት እነሱና እናቱ ነበሩ።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን መንግሥት አሠራር ካልገባን የአሊ ሕይወት አይገባንም። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ነበረ። ዘውድ ይደፋል፣ ቅብዐት ይቀባል፣ ስሙ በቅዳሴ ይጠራል፣ የርስትና የጉልት ጽሑፍ በስሙ ይጻፋል። ጦር የለውም፣ ግብር የሚያስገባለት አገር የለውም። ግንቡም ጣሪያው እያረጀ ነበር። ጦሩም አገሩም በራሱ እጅ ነው፤ ራሱም የንጉሡ እንደራሴ ይባላል። ቃሉን እንየው፦ እንደ ራሴ። ንጉሡ እንደ እኔ ቁጠሩት ያለው ሰው ማለት ነው። አሊ ንጉሥ ማውረድና ማንገሥ ይችል ነበር፤ ሣህለ ድንግልን አውርዶ ዮሐንስ ሣልሳዊን አንግሧል፣ ዮሐንስን አውርዶም ሣህለ ድንግልን መልሷል። ራሱ መንገሥ ግን አይችልም። ዘውድ የሚደፋው በወንድ በኩል ከሰሎሞን ዘር የሚቆጠር ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ዘር ጥበቃ ሲባል የነገሥታቱ ልጆች ከፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ወኅኒ አምባ ላይ እየተዘጉ ይኖሩ ነበር። ንጉሥ ሲሞት አንዱ ከተራራው ወርዶ ዘውድ ይደፋል፤ ሌሎቹ እዚያው ይቀራሉ።

ብዙ የታሪክ ጽሑፎች የዚህን ዘመን ነገሥታት አሻንጉሊት ብለው ያልፏቸዋል። እኔ አልስማማም። በትምህርታችን አንድ ሕንፃ ውስጥ ሸክም የሚሸከም ግድግዳና ለመከፋፈያ ብቻ የቆመ ግድግዳ እንለያለን። መከፋፈያውን ብታፈርሰው ሕንፃው ይቆማል። የጎንደር ዘውድ መከፋፈያ ከነበረ ለምን አላፈረሱትም? የወረሴህ ራሶች ከ1784 ጀምሮ ለ70 ዓመት ገደማ ኃይሉ በእጃቸው ሳለ አንዳቸውም ዘውዱን በራሳቸው ላይ ለመድፋት አልሞከሩም፤ ዙፋኑን ባዶ ለመተውም አልደፈሩም። ባዶ ግንብ ውስጥ የተቀመጠውን ድኻ ንጉሥ የፈለጉት እነሱን ራስ የሚያሰኛቸው እሱ ስለሆነ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የገባት መነን ነበረች። ለእሷ የራስ እናት መባል አልበቃትም። በ1840 አካባቢ ልጇ ያነገሠውን ዮሐንስ ሣልሳዊን አገባችና እቴጌ ተባለች። እቴጌነት ከንጉሥ ጋር በተፈጸመ ሥርዓት ብቻ የሚገኝ ማዕረግ ነው፤ በጦር አይወሰድም። ከእሷ በፊት ጎንደርን ያንቀጠቀጠችው እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ማዕረግ ነበር የምትጠራው። ዮሐንስ ከዙፋኑ ሲወርድም የመነን እቴጌነት አልወረደም። ጎንደርንና ደምቢያን፣ ማለትም የጣናን ሰሜን ዳር፣ በራሷ ጦር ገዛች። የኢማም ልጅ ሆና የተወለደች ሴት የሰሎሞናዊ ዙፋን እቴጌ መሆኗ የዘመኑን ነገር በአንድ ሰው ላይ ያሳያል፤ በሩ በልደት ሲዘጋ በሥርዓት ይከፈታል። ልጇ ግን በዚህ በር መግባት አልቻለም። ወንድ ንጉሥን አግብቶ አይነግሥምና።

ከዘውዱ በታች ያሉት ምልክቶችም ቀላል አልነበሩም። ነጋሪት የሚመታለት ሹምና የማይመታለት አንድ አይደሉም። ግብር ሲበላ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ከታረደው ሰንጋ የትኛው ብልት ለማን እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ አንገቱ ላይ ማተብ ያስራል። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። እንግዲህ ግብር የመንግሥት ዋና ስብሰባ ከሆነ፣ ሙስሊም ሹም እዚያ ማዕድ ላይ የት ይቀመጣል? መልሱ የማዕድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ጋር ተቀላቅለው እንዳይኖሩ ወስኖ ነበር፤ የጎንደር አዲስ ዓለም ሠፈር የመጣው ከዚያ ነው። በክርስቲያኑ አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። የነበረው ንግድና ሸማ ሥራ ነው። በጣና ምሥራቅ ከኢፋግ ገበያ አጠገብ ያለችው ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከእነዚህ ሰፈሮች የተነሡ ቅፍለቶች እስከ ምጽዋና እስከ ሱዳን ይወርዱ ነበር፤ ቡናና ወርቅ ይጭናሉ፣ ሳይሸሸግ ለመናገር ባሪያም ይነዳሉ። ነጋድራስ የሚሾመውም ብዙ ጊዜ ከሙስሊሞች ነበር። ያለ እነሱ የማይሄድ አገር፣ በሥርዓቱ ውስጥ ግን ቦታቸው በጓሮ በኩል ነበር።

አሊ አድጎ ራሱ መግዛት ሲጀምር የተከሰሰው በዚህ መስመር ላይ ነው። ለሙስሊም ዘመዶቹ ሹመት ይሰጣል ተባለ። ከሁሉ የከበደው ግን የመቃብሩ ነገር ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በየካቲት 1543 ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ እንደተገደለ ይታወቃል። አሊ የኢማሙን መቃብር አሳደሰ፣ ሙስሊሞችም ለዚያራ እንዲሄዱበት ፈቀደ ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው መቃብር ማሳደስ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በዚያራ ጉዳይም በእኛ መካከል የተለያየ አቋም እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱን እዚህ አላነሣም። ግን ለዚያን ዘመን ክርስቲያን ኢማም አሕመድ የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት ስም ነው፤ ለሙስሊሙ ደግሞ ሌላ ነው። የመንግሥቱ እንደራሴ የዚያን ሰው መቃብር ሲያከብር ምን ማለቱ ነው? አሊ የእናቱን ወገን ለመያዝ ብሎ አደረገው ይሆናል፤ ፈረሰኛው በብዛት ከወሎና ከየጁ የሚመጣ ነበርና። እኔ ይህን ፖለቲካ ነው እላለሁ። ጠላቶቹ ግን ሃይማኖት ነው አሉ፤ መሣሪያም አደረጉት።

መሣሪያውን ያነሣው የስሜንና የትግራዩ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። ውቤ ወደ ባሕሩ የቀረበ ስለነበር ጠመንጃ ነበረው። የቀረው ጳጳስ ነበር። አቡኑ የሚመጣው ከግብፅ፣ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ዘንድ ነው፤ ካህን የሚሾም፣ ንጉሥ የሚቀባ፣ የሚያወግዝም እሱ ብቻ ነው። አገሩ ከ10 ዓመት በላይ ያለ አቡን ቆይቶ ነበር። ውቤ ወጪውን ከፍሎ መልእክተኛ ላከና በ1841 አቡነ ሰላማ መጣ፤ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር። አቡኑ በእጁ ያለ መስፍን አሊን በሁለት በኩል ይይዘዋል፤ በጠመንጃና በውግዘት። ከአሊ ጋር የቆመ ክርስቲያን ወታደር ለማን እንደሚዋጋ ራሱን እንዲጠይቅ ይደረጋል ማለት ነው። ውቤ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ተባብሮ፣ አቡኑንም ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ዘመተ።

በየካቲት 1842 ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ። ውቤ አሸነፈ፣ አሊ ከጦር ሜዳው ሸሸ። ቀጥሎ የሆነው ነገር ልብ ወለድ ይመስላል። የውቤ ወታደር ድሉን እየጠጣ ሲያከብር የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ገብቶ ውቤን ከነድንኳኑ ማረከው። አቡነ ሰላማም አብሮ ተማረከ። ቀን ያሸነፈው ማታ እስረኛ ሆነ።

አሊ በእጁ የገባውን ጳጳስ ምን አደረገው? አልገደለውም፣ ወደ ግብፅም አልመለሰውም። ጎንደር እንዲቀመጥ አደረገው። ውቤንም ብዙ ሳይቆይ አስማምቶ ወደ አገሩ ለቀቀው። አንዳንዶች ይህን ድክመት ይሉታል። ነገር ግን እስላም ነው ተብሎ የተዘመተበት ሰው አቡኑን ቢያባርር ክሱን በራሱ እጅ ማጽደቁ ነበር። ያለ አቡን ንጉሥ አይቀባም፣ ያለ ንጉሥ እንደራሴ የለም። ኋላ በ1846 በቤተ ክርስቲያኑ የሃይማኖት ክርክር ምክንያት አቡኑ ከጎንደር ተባሮ ወደ ትግራይ ሄደ። ያ ቂም ዋጋ ነበረው፤ እንመለስበታለን።

ስለ አሊ ጠባይ ከተጻፉት ውስጥ እኔ የምወደው የእንግሊዙ ቆንስል የፕላውደን ነው። ፕላውደን በኅዳር 1849 የንግድና የወዳጅነት ውል ሊያስፈርም መጣ። አውሮፓውያን ውል ሲፈራረሙ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ማኅተም፣ ንባብ፣ ፊርማ፣ ጸጥታ። ውሉ ሲነበብ አሊ ድንኳኑ ውስጥ ታስሮ ስለነበረ ፈረስ ከሰዎቹ ጋር ያወራ ነበር። ፈረሱም ቆንስሉን ደጋግሞ ሊረግጠው ምንም አልቀረውም። ንባቡ ሲያልቅ አሊ በውሉ ላይ ክፉ ነገር እንዳላየ፣ ግን እንግሊዛዊ ነጋዴ ወደዚህ አገር ይመጣል ብሎ እንደማያስብ ተናገረና ፈረመ። ፕላውደን የታዘበው ግዴለሽነትን ነው። እኔ ሌላም ነገር ይታየኛል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሥርዓት የተጠመደ ሰው ነው፤ የትኛው ሥርዓት አገር እንደሚያንቀሳቅስ፣ የትኛው ወረቀት ብቻ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ያላወቀው ከጣና ማዶ የሚመጣውን ነው። ካሣ ኃይሉ የቋራ ሰው ነው፤ ወንድሙ ደጃዝማች ክንፉ ከሞተ በኋላ አገሩ ደምቢያ ለመነን ተሰጥቶ ነበር። ካሣ ሽፍታ ሆነ። ሊያስታርቁት የአሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻውም የሥርዓት ገመድ ነበር፤ አማች በአማቱ ላይ ጦር እንዳያነሣ። ገመዱ ግን አልያዘም። ካሣ ቆስሎ ሐኪሙ ላም ባዘዘለት ጊዜ ወደ መነን ቢልክ ቁራጭ ሥጋ ብቻ ላከችለት የሚባል ታሪክ አለ። ሥጋ በማዕረግ በሚከፈልበት አገር ይህ ስስት ብቻ አይደለም፤ ማዕረግህ ይህን ታህላለች ማለት ነው። ተዋበችም ከአያቷ ይልቅ ለባሏ ወገነች፤ እስከ ሞቷም ከእሱ ጋር ቆየች።

በሰኔ 1847 መነን ራሷ ጦር እየመራች በጣና ሰሜን ካሣን ገጠመችው። ተሸነፈች፣ ቆሰለች፣ ከባሏ ከዮሐንስ ጋር ተማረከች። አሊ እናቱን ለማስለቀቅ ከጣና በስተምዕራብና በስተሰሜን ያለውን አገር ለካሣ ሰጠ፣ የደጃዝማችነትንም ማዕረግ አጸደቀለት። ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ነው የሄደው። በኅዳር 1852 አሊ የላከው የጎጃሙ ጎሹ ዘውዴ ጉር አምባ ላይ ተገደለ። በሚያዝያ 1853 የአሊና የውቤ ጦር ጣቁሳ ላይ ተሸነፈ፤ አዎ፣ በ1842 የተዋጉት ሁለቱ አሁን አንድ ወገን ሆነው። በግንቦት ደብረ ታቦር ተቃጠለች። ሰኔ 29 ቀን 1853 ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ የአሊ ፈረሰኛ ተሰበረ። አሊ ወደ አባቶቹ አገር ወደ የጁ ሸሸ፤ ዳግመኛ ጦር ሳይመራ እዚያው በ1860ዎቹ ሞተ።

ካሣ የአሊን ቦታ ሲይዝ አሊ የነበረውን መሆን አልፈለገም። እንደራሴነት አልበቃውም። በአባት ከሰሎሞን ዘር የሚቆጠር ሰው አልነበረም፤ ግን አሊ የጎደለው ነገር ነበረው፣ ጳጳስ። ቀድሞ ከጎንደር የተባረረው አቡነ ሰላማ ከካሣ ጋር ተስማማ። በየካቲት 1855 ካሣ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገና ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም፣ በዚያው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ዳግማዊ ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑን ውቤ ያዘጋጀው ለራሱ ንግሥ ነበር ይባላል።

ይህን ስጽፍ አሊ የእኛ ነበር ወይስ የእነሱ የሚለው የዶርም ክርክር እንደማያልቅ አውቃለሁ። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። በ22 ዓመት ዘመኑ ሙስሊሞች የርስት ባለቤት አልሆኑም፣ የ1668ቱም ውሳኔ በአዋጅ አልተሻረም። ጥቂት ዘመዶቹ ተሾሙ፣ አንድ መቃብር ተከበረ፣ ነጋዴው ትንሽ ተነፈሰ። ለዚህ ጥቂት ነገር የተከፈለው ዋጋ ግን እስላም የሚለው ክስ ነበር፣ እሱም ተጠምቆ፣ ማተብ አስሮ፣ ጳጳስ አኑሮ ሳለ።

ነገሩ በእሱም አላበቃም። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ከመነን ወገን፣ ከወረ ሂመኖ የማመዶች ቤት የሆነው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ክርስትና አባትነት ተጠመቀና ሚካኤል ተባለ። የእሱ ልጅ ልጅ ኢያሱ ከ1913 ጀምሮ ኢትዮጵያን ገዛ፤ ዘውድ ግን አልደፋም። በመስከረም 1916 አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ተሰብስበው፣ ሰልሟል ብለው ከሰሱት፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላው ፈትተው ኢያሱ ወረደ።